ለሥራው የሚያስፈልገው ትምህርት

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የእትዬ ጠብታ ነገር ሥሩ ስድስት ገጽ ያለው አንድ ቅጽ ነው። ቅጹን ያጣመመባት ጠላት አልነበራትም፤ አስባ፣ ደረቷን ነፍታ፣ በገዛ አፏ ያስሞላችው ነው። በሌላ ሰው ማሳበብ ቢቻልማ ኖሮ እንዴት በቀለላት።

ሃያ ሰባት ዓመት የሠራችው በከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ከፓምፑ ቤት ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። መስኮቷ እስከ ወገቡ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ቧንቧዋ ጥብቅ ብሎ የማይዘጋ፣ ካሏት ሁለት በርጩማዎች የአንዱ እግር በሽቦ የታሰረ። ከየሰፈሩ በጠርሙስ ተቀድቶ የሚመጣው የመጠጥ ውሃ እዚህች ቤት ገብቶ፣ በእሷ እጅ ተመርምሮ፣ "ይጠጣ" ወይም "አይጠጣ" ይባላል።

ስሙም የወጣላት እዚያው ነው። በውሃው ውስጥ ምን ያህል ኖራ እንዳለ ለመለካት ውሃው መጀመሪያ ቀለም ይጨመርበትና የወይን ጠጅ ይመስላል። ከዚያ ቁጥር ከተጻፈበት ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ሌላ ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል፤ ወይን ጠጁ ሰማያዊ የሆነ ጊዜ ቱቦውን ዘግቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው። አንዲት ጠብታ ካለፈች ቁጥሩ ውሸታም ነው። እሷ ታዲያ መጨረሻው ላይ ሙሉ ጠብታ አትጥልም፤ ግማሿን ቱቦው አፍ ላይ አንጠልጥላ፣ በትንሽ ንጹሕ ውሃ አጥባ ታወርዳታለች። ችኩል የነበረ አንድ የድሮ ኃላፊ "ይቺ ሴትዮ ጠብታ ስትቆጥር ልንሸብት ነው" አለ፤ ስሙ በዚያው ጸና። ከኮሌጅ ለልምምድ የሚላኩት ሁሉ በእጇ አልፈዋል፤ ግማሾቹ ዛሬ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። የእሷ ማስረጃ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍልና የዘጠኝ ወር ኮርስ የምስክር ወረቀት ነው።

ቅጹ በመጣበት ዓመት ሬዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም። በአካባቢው የሳይንስና የቴክኒክ ሥራ በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያድጋል፤ የዘጠኝ ከተሞችን ውሃ የሚመረምር ባለ ሦስት ፎቅ ላቦራቶሪ እየተሠራ ነው፤ ትንንሾቹ ተዘግተው ወደዚያ ይጠቃለላሉ። እትዬ ጠብታ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ቤቱ ሲሰፋ እሷ የምትጠበው በምን ሂሳብ ነው?

ቅጹን ይዞ የመጣው ከሥራ ስምሪት ቢሮ የተላከ ትሑት ወጣት ባለሙያ ነበር። ዘጠኙንም ላቦራቶሪዎች እየዞረ፣ በየመደቡ ምን እንደሚሠራና ምን ያህል ትምህርት እንደሚጠይቅ ሠራተኞቹን ራሳቸውን ይጠይቃል። ቀኑ ግን አልገጠመለትም። ከሦስት ቀን በፊት አንድ እንግዳ ላቦራቶሪዋን ሲጎበኝ በእጁ ወደ እሷ ጠቁሞ "ዕቃ አጣቢዋ ናት?" ብሎ ነበር፤ ይህንን ሆድ ይፍጀው ብላ ውጣው ሰንብታለች። ልጁ ቅጹ ላይ ያለውን እያነበበ፣ ይህን ሥራ አጭር ሥልጠና የወሰደ ሰው ሊሠራው ይችላል ወይ ብሎ ሲጠይቃት የዋጠችው ሁሉ ተመልሶ መጣባት።

"አጭር?" አለች። "ልጄ፣ ይሄ ውሃ ስንት ሰው ሆድ እንደሚገባ ታውቃለህ?"

ይቅርታ ጠየቃትና ምርጫዎቹን አነበበላት። የምስክር ወረቀት፣ ዲፕሎማ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ። ከሁሉ የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ጠየቀችው። ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚልም አለ አላት። ያን ያህል ማጋነን እንኳ አልወደደችም።

"የመጀመሪያ ዲግሪ በል። ከዚያ በታች አይሆንም።"

ምልክት አደረገ። ሌላ ገጽ ላይ የራሷን የትምህርት ደረጃ ጠየቃት፤ ድምጿን ቀነስ አድርጋ ነገረችው፤ እሱም እንዳለ ጻፈ። ሁለቱን ገጾች ያስተያየ ሰው አልነበረም። እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ስለሚሄድ ሻለቃ የሚባለው የግቢው ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበርና፣ "ለእኔም ዲግሪ አስጽፊልኝ እንጂ፤ በር መክፈት ቀላል መሰለሽ?" አላት። ሦስቱም ሳቁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው። እትዬ ጠብታ ፈረመችና ያን ቀን ቀለል ብሏት ቤቷ ገባች።

ቤቷ የምትጠብቃት አንድ ልጇ ናት። አባትየው ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ልጅቷ በኬሚስትሪ ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጋ ያጣች፣ ቁም ሣጥን በምታህል ሱቅ ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እየሸጠች የምትውል ናት። ሰፈርተኛው "ዶክተር" ይላታል፤ መጀመሪያ ለክብር ነበር፣ ኋላ ኋላ ለሹፈት ሆነ። እናትየዋ የዛሬውን ስትነግራት ዶክተር ሳቀች፤ "ለእኛ ለባለ ዲግሪዎቹም ተቆርቋሪ ተገኘልን" አለቻት።

ከስምንት ወር በኋላ የአዲሱ ላቦራቶሪ የቅጥር ማስታወቂያ ወጣ። እናትና ልጅ ሰሌዳው ፊት ጎን ለጎን ቆመው አነበቡት። የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ አሥራ ስድስት ሰው። ዝቅ ብሎ፣ የላቦራቶሪ ረዳት፣ የዕቃ እጥበት፣ ስምንተኛ ክፍል፣ አራት ሰው። ከሁለቱ መሀል ምንም የለም። የነባር ሠራተኛ ምደባ መስፈርቱን ባሟላ ብቻ እንደሚሆን ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ተረት አይደለም። ዶክተር ክንዷን ያዘችና፣ አንቺን እንኳ በልምድ ይወስዱሻል፣ አይዞሽ አለቻት። ዶክተር ራሷ ተመዘገበች፤ ተፈተነች፤ አለፈች። ውል እንድትፈርም ለሰኞ ተቀጠረች።

እትዬ ጠብታ ሐሙስ ጠዋት ለማንም ሳትናገር ወደ ሥራ ስምሪት ቢሮው ሄደች። ማመልከቻውን ራሷ ናት የጻፈችው፤ አራት ጊዜ ገልብጣዋለች። ሥራው ዲግሪ አይጠይቅም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰና ሁለት ዓመት አጠገቤ የቆመ ሰው ይሠራዋል፣ በቅጹ ላይ የተናገርኩት ይታረምልኝ ይላል። የቅጥር ባለሙያዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ ሴት ነበረች። ቀስ ብላ አነበበችው።

"እትዬ፣ ያኔ ዋሽቻለሁ እያሉኝ ነው?"

"ውሸት አይደለም። ኩራት ነው።"

ባለሙያዋ ተነሥታ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ፋይል አወረደች። ዘጠኝ ላቦራቶሪ ነው የጠየቅነው አለች፤ ዘጠኙም ቤት ያሉት ነባሮች ዲግሪ ነው ያሉት። አንዱማ ሁለተኛ ዲግሪ ብሏል፤ የራሱ ትምህርት አሥረኛ ክፍል ነው። ይህን ስትል ፈገግ አለች። እትዬ ጠብታ ግን የማታውቃቸው ስምንት ሰዎች ታዩዋት፤ ስምንቱም በየበርጩማቸው ላይ ደረታቸውን ነፍተው፣ በሩን በገዛ እጃቸው ላያቸው ላይ ሲዘጉ። ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ ለራሷ ብቻ ስታዝን ነበር፤ አሁን ለሁሉም አዘነች።

ማመልከቻው ከገባ ምን እንደሚሆን ባለሙያዋ አስረዳቻት። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያውም አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎ መምጣቱ ደስ ያሰኛት ይመስል ነበር። ጥናቱ እንደገና ይከፈታል፤ ደረጃው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ነባሮቹም ምናልባት ቦታ ያገኛሉ።

"የተፈተኑትስ ልጆች?" አለች እትዬ ጠብታ።

"ጥናቱ እስኪያልቅ ይቆያሉ። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ደረጃው ከወረደ ደግሞ ፈተናው ይሰረዛል፤ ከሌላው ሰው ጋር እንደገና ይወዳደራሉ።"

ኮሪደሩ ላይ ሰው ያልፋል፤ የሆነ ቦታ ማተሚያ ማሽን ይንጫጫል። እትዬ ጠብታ የልጇን ሱቅ አሰበች፤ የተንጠለጠሉት የስልክ ሽፋኖች፣ "ዶክተር፣ ይሄ ስንት ነው?" የሚሏት ጎረምሶች። ከዚያ የራሷን ጠረጴዛ አሰበች። እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ ያህል ጠረጴዛው በልጦባት ነበር፤ ይህን ለማንም አልነገረችም፣ ለራሷም ደግማ አላለችውም።

"መዝገብ ላይ ገብቷል?"

"ገና ነው።"

"እንግዲያው መልሺልኝ፣ እናቴ።"

ባለሙያዋ ወረቀቱን ስትመልስላት፣ በረዳትነት ከፈለጉ ግን ቅድሚያ ለነባር ሠራተኛ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ያስቡበት አለቻት። ሰኞ ዶክተር ውሏን ፈረመች። እናትየዋ አዲስ ነጭ ጋዋን ገዝታ፣ ራሷ ተኩሳ አለበሰቻት።

ረዳትነቱን አልናቀችውም። ማጠብ ማለት ለማያውቅ ሰው ሳህን ማጠብ ይመስለዋል እንጂ፣ በደንብ ያልተለቀለቀ ጠርሙስም ይዋሻል። ደሞዙ ቢያንስም፣ ሽታው ያው ሽታ፣ ብርጭቆው ያው ብርጭቆ ነው፤ ከልጅቷም ጋር አብረው ወጥተው አብረው ይገባሉ። አንድ ምሽት ሳህን እያነሣሣች ይህን ለልጇ ነገረቻት። ዶክተር እጇን ከጠረጴዛው ላይ አወረደች።

"እማ፣ እባክሽ እዚያ አትምጪ።"

"ምነው?"

"አንቺ ቆመሽ ስታጥቢ እኔ ተቀምጬ እንዴት እሠራለሁ? ሌሎቹስ 'ይሄን ውሰጂ፣ ያንን አምጪ' ሲሉሽ ምን እላለሁ?"

"እሺ ትያቸዋለሽ። ወይስ ታፍሪብኛለሽ?"

ልጅቷ አላፍርም ብትል ኖሮ እናትየዋ ባመነቻት ነበር፤ ማመን ፈልጋለችና። ዶክተር ግን መዋሸት የማትችል ልጅ ናት፣ ያውም ያሳደገቻት ማን ሆና።

"አላውቅም፣ እማ" አለች።

ማስታወቂያው እንዲህ አላመማትም ነበር። እትዬ ጠብታ ሳህኑን ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠችና "እሺ" አለች። በወሩ መጨረሻ ያለ ዕድሜዋ ጡረታ ወጣች። የሁለቱን ክፍሎች ቁልፍ ስታስረክብ ሻለቃ የሚቀልደው ነገር ፈልጎ አጣና በሩን ከፈተላት።

ሦስት ወር አለፈ። ቤት መዋል ለለመደው ምን አለው፤ ላልለመደው ግን ቀኑ አይመሽም። ዶክተር ጠዋት ትወጣለች፣ ወደ ማታ ትመለሳለች፤ ስለ አዲሱ ማሽን፣ ስለ ሊፍቱ ታወራለች፤ እናትየዋም ታዳምጣለች፤ አትጠይቅም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ደብተር ይዛ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ማሽኑ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው፤ እስከዚያ በእጅ ሥሩ ተብለዋል። ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ሦስት ሆነው ለኩ፤ ሦስት የተለያየ ቁጥር አወጡ። አለቃቸው ተቆጥቷል። አንቺ እንዴት ነበር የምታደርጊው፣ ንገሪኝ አለቻት።

"ዲግሪ ያላችሁ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?" አለች እትዬ ጠብታ። "እኔ ምን አውቃለሁ።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ ደብተሩን አልዘጋችም፤ ዓይኗ ብቻ ሞላ። እናትየዋ ያን ስታይ በራሷ ተናደደች። ኩራቷ አንዴ ያደረሰባት አልበቃ ብሎ፣ አሁን ደግሞ ወደ ልጇ ዞሯል። ወንበሯን ስባ ተጠጋች።

መስኮቱን ወደ ግራሽ አድርጊ አለቻት፤ ብርሃን ከፊት አይምጣብሽ። ከጠርሙሱ ሥር ነጭ ወረቀት አድርጊ። ፈሳሹ የወደቀበት ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ አትፍሪ፣ አውርጂ፤ ሰማያዊው መቆየት ሲጀምር ነው እጅሽን የምታዘገዪው። ወይን ጠጁ የጠፋ መስሎሽ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ቅላት ካለ፣ ገና ነው። ለግማሿ ጠብታ ባዶ እጇን አየር ላይ አንሥታ፣ በሁለት ጣቷ የሌለውን ቱቦ ዞር አድርጋ አሳየቻት። ዶክተር እንደገና አስደረገቻት፤ ቀስ ብለሽ፣ እማ፣ ቀስ ብለሽ እያለች፤ እሷም ደገመችላት። ውሃው ከጉድጓድ ሲሆን፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ሲሆን፣ ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ የቆየ ሲሆን፣ ሁሉንም ነገረቻት። አንዳንዱን ከዚያች ቀን በፊት በቃል ተናግራው አታውቅም፤ እጇ ነበር የሚያውቀው።

ልጅቷ አንድም ሳታስቀር ጻፈች። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሲያልቅ አራት ገጽ ሆነ፤ መልሳ ገለጠችው፣ ቆጠረችው፣ ገጾቹን እጇ ላይ ይዛ ቀና አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ እፎይታ ነበር ፊቷ ላይ።

"ይኸው ነው?" አለች።

እትዬ ጠብታ አሰበች። ከሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ረስታ ያስቀረችው ነገር ይኖር እንደሆነ ፈለገች፤ ጣቶቿን አየች። አንድ ነገር ባገኝ ብላ በጣም ተመኘች።

"ይኸው ነው" አለች።