አንዲት ነጥብ ፍለጋ ወደ አያ ሙጬ አውድማ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሦስት ሹፌሮች አረጋግጬ ነው ከቤት የወጣሁት። ጉልበቴ ግን ከአልጋ ስነሳ ጀምሮ ዝግ ነው፤ እሱን የሚከፍትልኝ ሹፌር የለም።

መናኸሪያው በር ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሮጌ የቴኒስ ኳስ ይዤ ከባጃጅ ወረድኩ። የሚኒባሱ ረዳት ማዳበሪያውን ጨበጥ ጨበጥ አደረገና «ሎሚ ነው?» አለኝ።

«ኳስ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ለማን?»

«ለአንዲት ልጅ።»

አላመነኝም። የሎሚ ሂሳብ አስከፈለኝ።

ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ ትስቃለች። ትጓደድ ትባላለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከገጠር ፍኖተ ሰላም መጥታ ስትማር የስፖርት መምህሯ ነበርኩ፤ በትምህርት ቤታችን የሲሚንቶ ሜዳ ላይ መጀመሪያ ራኬት ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ቢበላሽ አባቷ ፊት የምጠየቀውም እኔው ነኝ። አሁን ባሕር ዳር ሕፃናት እያሠለጠነች ራሷም ትለማመዳለች።

ነገሩ ምን መሰላችሁ። በቴኒስ እንጀራ ለመብላት የመጀመሪያዋ ደረጃ አንዲት ነጥብ ናት። ከአነስተኛዎቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች በአንዱ ዋናው ዙር ገብቶ አንድ ጨዋታ ያሸነፈ ያቺን ነጥብ ያገኛል፤ ግርጌ ላይም ቢሆን ስሙ በዓለም ዝርዝር ይሰፍራል። ትጓደድ አምስት ጊዜ ሞክራለች፤ አምስት ጊዜም በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፋ ተመልሳለች። እዚያ ሜዳው የሸክላ አፈር ነው። ተጫዋቹ ኳሱ ጋ የሚደርሰው እየተንሸራተተ ነው። የእኛ ልጅ ሲሚንቶ ያሳደጋት ናት፤ ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ኳሱም ጥሏት ይሄዳል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ናይሮቢ ትሄዳለች። ለአባቷ በስልክ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት፤ ካልሆነልኝ ነርስነት እማራለሁ» ብላ ቃል ገብታለች። አባቷ ደግሞ በቃል የሚቀልዱ ሰው አይደሉም።

ባለፈው ሻይ እየጠጣን «የአባትሽ አውድማስ? እሱም አፈር አይደል?» አልኳት። ለቀልድ ነበር። እሷ ግን ደወለች። አባቷም «ስንዴው ታጭዶ ተከምሯል፤ ውቂያው እስከ እሁድ ይቆይ፤ ኑ» አሉ። እንዲህ ነው ከነጉልበቴ መንገድ የገባሁት።

ረቡዕ፣ ረፋዱ ላይ፣ ቡሬ

ማንኩሳን ስናልፍ ከኋላ ወንበር የተጫነ የበርበሬ ከረጢት ተቀደደ። ከዚያ እስከ ቡሬ መኪናው በሙሉ እየተፈራረቀ አነጠሰ፤ ሹፌሩ ሲያነጥስ ብቻ ሁላችንም ዝም ብለን መንገዱን እናይለታለን። ቡሬ ወርደን የጾም ምሳችንን አስቀድመን በላን። ትኩስ ድንች ወጥ በቃሪያ ነበር። ለሁለት ከቀረበው እኔ የአንድ ተኩሉን በላሁ።

ከዚያ ወደ አባቷ መንደር ጋሪ ተኮናተርን። ባለጋሪው ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው።

«እኅታችን ምን ትሠራለች?» አለኝ እሷን ትቶ።

«ቴኒስ ትጫወታለች።»

«እሱስ ትጫወት። ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ሥራዬ እሱ ነው!» አለች ትጓደድ። አሥር ዓመት ሳውቃት እንዲህ ስትቆጣ አላየኋትም። ፈረሱ እንኳ ጆሮውን አቆመ። ባለጋሪውም «እሺ፣ ይቅርታ» ብሎ እስክንወርድ ድረስ ስለ በቆሎ ዋጋ ብቻ አወራ።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ አያ ሙጬ ቤት

አያ ሙጬ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጥብ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ሦስት ጊዜ ስመው ቀጥታ ወደ አውድማው ወሰዱን። ለእሷ ብለው ከወትሮው አስፍተው፣ ሦስት ጊዜ በእበት ለቅልቀውታል። በአመድ መሥመር አስምረውበታል። በአንድ ጎኑ ሁለት ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ ማዳበሪያ ሰቅለውበታል። መረቡ መሆኑ ነው። የቴኒስ ሜዳው ግማሽ ብቻ ነው የገባው፤ ሌላው ግማሽ የታጨደ ማሳ ነው። አጠገቡ የስንዴው ክምር ቆሟል።

እኔ ደስ ብሎኝ መሀሉ ድረስ ዘው አልኩ።

አያ ሙጬ ዳር ቆመው እግሬን አዩት። «መምህር፣ ጫማዎ ሩቅ መንገድ መጥቷል። እዚህ ዳር ይረፍ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ሃያ ዓመት ፍኖተ ሰላም ኖሬ አውድማ በጫማ እንደማይረገጥ አለማወቄ! የከተማ ልጅ መሆኔ ያኔ ነው የከበደኝ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ቀስ ብለው ጆሮዬ ላይ ጨመሩልኝ፤ «ሲገቡም ‹ሺህ ያድርገው› ይባላል። እህሉ እንዲበረክት ነው።» ወጣሁ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ እንደገና ገባሁና «ሺህ ያድርገው» አልኩ።

«አሜን» አሉ አያ ሙጬ፣ አሁን ፈገግ ብለው።

የትጓደድ ጫማ ግን ሌላ ጭቅጭቅ አስነሳ። በባዶ እግር ተለማምዶ ናይሮቢ በጫማ መጫወት አይሆንም። አያ ሙጬ አዲሱን ጫማ ተቀብለው ሶሉን ገልብጠው መረመሩ። «ሌላ መሬት አልረገጠም?» አሉ። «አልረገጠም አባ።» «እንግዲያው እዚሁ ይልመድ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማው በፌስታል ተጠቅልሎ እስከ አውድማው ዳር ይመጣል፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመለሳል።

ሐሙስ

እኔ ማሳው ላይ ቆሜ ኳስ እልካለሁ፤ እሷ አውድማው ላይ ትመልሳለች። ኳሱ ጥሩ ይነጥራል። መንሸራተት ግን የለም። እበቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ጫማዋ ሙጭጭ ይልበታል። ሲሚንቶ ሸሽተን ሌላ ሲሚንቶ ላይ ወደቅን ማለት ነው። ማታ ቁርጭምጭሚቷን በሙቅ ውኃ እያሸች «ቲቸር፣ ነርሶች ስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?» አለችኝ። ሳቅኩላትና ሙቅ ውኃ ጨመርኩላት።

አርብ

ጠዋት በዓባይ በኩል ደመና ቆመ። ጎረቤቶች በመንገድ ሲያልፉ ክምሩን ያያሉ፣ ደመናውን ያያሉ፣ እኛን ያያሉ፤ ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። አያ ሙጬ ወደ ሰማይ አየት አደረጉና «ደመናው ጨዋታ ሊያይ መጥቷል መሰለኝ» አሉ።

ትጓደድ ራኬቷን አስቀመጠች። «አባ፣ በሬዎቹ ይምጡ።»

«እስከ እሁድ ያንቺ ነው ብያለሁ።»

«የኔ ከሆነ የማዘው እኔ ነኛ። ይምጡ።»

የቤተሰቡ የዓመት ስንዴ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል። ግን ልምምዳችን አበቃለት ብዬ እውነትም አዘንኩ። ነገ ደግሞ ማርያም ናት፤ ውቂያ የለም። ወይ ዛሬ ወይ ዝናቡ።

ጎረቤቱ በሬውን እየነዳ ደረሰ። ስምንት በሬ አውድማው ላይ በተበተነው ስንዴ ይዞር ጀመር። ትጓደድ ጫማዋን ጥላ፣ ጅራፍ ይዛ፣ ከኋላቸው እየሮጠች ስታበራይ ዋለች። እኔ መንሽ ተሰጠኝና ገለባውን ወደ ላይ ስወረውር ነፋሱ መልሶ ለእኔው አለበሰኝ። ያንን ያየ ሰው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ፀሐይ ስትገባ ስንዴው ቤት ገብቶ አልቋል። ያ ሁሉ ደመናም ጥቂት ጠብ ጠብ አድርጎ አለፈ።

ቅዳሜ፣ ማርያም

ጠዋት ሄጄ አውድማውን አየሁት። የበሬ ኮቴ የእበቱን ልቅልቅ ፈጭቶታል። ከላይ ጥፍር የሚሸፍን ደቃቅ አፈርና እብቅ ተኝቶበታል፤ የማታው ካፊያ አቧራውን አብርዶታል። ከሥሩ ግን መሬቱ እንደ ጠነከረ ነው። «ዕቃችንን እንሸክፍ» አልኩ።

አንዲት ዶሮ የቀረ ስንዴ ትለቅማለች። ትጓደድ በባዶ እግሯ ልታባርራት ሮጠች። ልትቆም ስትል አልቆመችም። ሁለት እርምጃ ያህል ተንሸራትታ ልክ ዶሮዋ ጎን ቆመች። ዶሮዋ ጮኸች። ትጓደድ ዞር ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ እንዲህ ነው።»

«እንዴት ነው?»

«የናይሮቢው ሜዳ። ልክ እንዲህ ነው።»

ጫማው ይምጣ ስትል እትዬ ጥሩ ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ዛሬ ማርያም ናት። አንቺው አይደለሽ ሥራዬ ነው የምትይ? በማርያም ሥራ የለም።»

ልጅቷ ለስንት ዓመት ከዚህ ቤት ጋር ስትከራከር የኖረችው «ሥራ ነው» ብላ ነው።

አያ ሙጬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ጨዋታ ነው ስል ኖሬያለሁ። ጨዋታ በበዓልም ይፈቀዳል። ወይስ ሥራ ነው?»

ትጓደድ አባቷን አየች፣ ጫማዋን አየች። «እሺ አባ» አለች ሳቋን አምቃ፣ «ለዛሬ ጨዋታ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ተጫወተች። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሁሉ ነጠላውን እንደ ለበሰ ዳር ዳሩን ቆሞ አየ። እኔ ወደ ጥግ ስልክ ትንሸራተታለች፣ ትመታለች፣ ትመለሳለች። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ከምሳ በኋላ አልወደቀችም። ወደ ማታ ከላክሁላት ኳስ ያመለጣት ስለሌለ ደስታዬ ጉልበቴን አስረሳኝ።

እሁድ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም

ጋሪው ያው ጋሪ ነው። ባለጋሪው በዘዴ «ሥራ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። «ጥሩ ነበር» አለችው በኩራት። ከቡሬ እሷ ወደ ባሕር ዳር፣ እኔ ወደ ቤቴ። ኳሶቹን አውድማው ጋ ትቻቸዋለሁ፤ ረዳቱ ባዶ እጄን አይቶ «ሎሚው ተሸጠ?» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ እንደገና አያ ሙጬ ቤት

ማክሰኞ ከናይሮቢ ደወለች። «ቲቸር፣ ደረስኩበት» አለችኝ። «ሁሉም ኳስ ላይ ደረስኩበት።» ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ያባቷ ስልክ አልሠራ ስላለ «እርስዎ ይንገሩልኝ» አለች። ትናንት ደግሞ ሁለተኛውን እንደ ተሸነፈች ሰማሁ። ዛሬ ተነሳሁ።

አያ ሙጬን ያገኘኋቸው አውድማው ዳር ነው። የማዳበሪያው መረብ እንደ ተሰቀለ ነው። ከብት እንዳይገባ ዙሪያውን እሾህ አጥረውበታል። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ገባሁ።

«አሸነፈች አያ ሙጬ። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈች። ሁለተኛው ግን አልሆነላትም።»

«ሥራ ነው» አሉ። «አንዳንድ ቀን አይቀናም። ቃል ቃል ነው፤ ካሸነፈች ትቀጥል።» ደግሞ ትንሽ አሰቡና ጠየቁኝ። «ስንት አገኘች?»

«አንድ ነጥብ።»

ቆባቸውን አወለቁ። አውድማውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ሺህ ያድርገው» አሉ።