በበዓለ ሃምሳ ያላደረስሁት መልእክት

ይህን ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈስሁትም። አብራኝ ለምትኖረው እኅቴ አልነገርሁም፤ ለማኅበር ጓደኞቼ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ለእሳቸው የደበቅሁበት ምክንያት ከሁሉ ይብሳል፤ የበደልሁት በእሳቸው ቃል ነውና። መጀመሪያ አፌን የከፈትሁት ባለፈው እሑድ ነው፤ እሱንም እደርስበታለሁ።

እናንተ አታውቁኝም። ስለማታውቁኝ ነው ማውራት የቀለለኝ። ደብረ ታቦር መነኻሪያው አጠገብ አረቄ የምሸጥ ሴት ነኝ። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ወዲህ አንዲት ልጄን፣ ትርንጎን፣ ያሳደግሁት በዚሁ ሥራ ነው። አረቄ መሸጥ ወንጀል አይደለም፤ ሰው ግን በንቀት ያይሻል። በማርያም ማኅበር ተራዬ ደርሶ ጽዋውን ሳወጣ ጠላዬን ለአመል ያህል ከንፈራቸውን አስነክተው የሚያስቀምጡ ሴቶች ነበሩ። ስሜን የሚጠራኝም ጥቂት ነበር፤ ለሌላው አረቄ ሻጯ ነበርሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። በኋላ ያደረግሁትን ለምን እንዳደረግሁት እንድታውቁ ነው።

ትርንጎ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ብርጭቆ ልታነሣልኝ ስትገባ አንዱ ደንበኛዬ፣ ሞልተሽ እናትሽን አከልሽ እኮ፣ አላት። በክፋት አላለውም። እኛ ዘንድ ወፈርሽ ማለት ተመቸሽ፣ አማረብሽ ማለት ነው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሷ ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች። ያን ቀን ራት አልበላችም፤ እኔም አኩርፋ ነው ብዬ ተውኋት።

ከዚያ ጽጌ ገባ። የጽጌን ጾም የሚጾመው የወደደ ብቻ ነው፤ ትርንጎ ግን እጾማለሁ አለች። ደስ አለኝ። የነቢያትን ጾም ቀጠለች። ሁዳዴ ሲደርስ ሌላው ሰው የሚያስቀድሰውን አስቀድሶ ሲመለስ እሷ እስከ ማታ ትቆይ ጀመር። ውኃ እንኳ በግድ ነው የምትቀምሰው። እኔ፣ እኅቴና እሷ በአንድ ገበታ ነበር የምንበላው፤ በአንድ ገበታ ሦስት እጅ ሲገባ ማን ስንት እንደ ጎረሰ ማን ይቆጥራል? ትርንጎ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ሽሮውን ታስነካለች፣ ቁራሹን ወደ እኔ በኩል ትገፋለች። ገበታው ሲነሣ ሁላችንም የበላን እንመስላለን።

አላየሁም ልል ነበር። አይቻለሁ። ማበጠሪያዋ ላይ ጠጉሯን ጥቅልል ብሎ አየሁት። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ለብሳ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። የወር አበባዋ እንደ ቀረም አውቃለሁ፤ ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። ግን በዚያው ሰሞን የማኅበር ሴቶች ይነሡልኝ ጀመር። ደግ ልጅ ወለድሽ፣ ይችስ መነኩሴንም ታስንቃለች፣ ይሉኛል። አንዷማ፣ ከዚህ በፊት ሰላምታዬን በአገጯ የምትመልስ ሴት፣ ልጇን ይዛ መጥታ ትርንጎ እንድትመክርላት ለመነችኝ። አረቄ ሻጯ መባሌ ቀረና የትርንጎ እናት ተባልሁ። ይህን ስም ወደድሁት። ከልጄ ሥጋ ይልቅ ስሙን ወደድሁት ማለት ነው፤ ሌላ ምን ልበለው?

ፋሲካ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት ዶሮ ወጡን በላች። በደንብ በላች፤ እኔም ተገረምሁ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከትያት ሄድሁ። ጎንበስ ብላ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታ የበላችውን ታወጣው ነበር። ስታየኝ አፏን ጠረገችና ሆዴ ጾም ለምዶ ነው አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ። በዓይኔ አይቼ እሺ አልሁ።

መቼም በበዓለ ሃምሳ ጾም እንደሌለ ታውቃላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ትርንጎ ግን በሃምሳው ጾመች። ለእግዚአብሔር የሚጾም ሰው ቤተ ክርስቲያን ብሉ ባለችበት ቀን ምን ብሎ ይጾማል? ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ ስለት አለባት እላለሁ። ስለት የለባትም። ከራሴ አውጥቼ ነው።

የንስሐ አባታችን መምሬ ካሴ በዚያ ሰሞን ቤቱን ጠበል ሊረጩልን መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ትርንጎን ክርስትና ሲያነሡዋት ጀምሮ ያውቋታል። ልጅቱ መስቀል ተሳልማ ቶሎ ወደ ጓዳ ገባች። እሳቸው የጨበጡትን እጇን አስበው መሰለኝ መዳፋቸውን አዩ። ምን ሆነች አሉኝ። ስለት ነው አልኋቸው። ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ አንድም አልጠፋኝም።

«በሃምሳ ማን ጹሚ አላት? ይህ ጾም አይደለም፤ ደዌ ነው። እንቁላሉንም ወተቱንም ትብላ። ፍልሰታንም ፈትቻታለሁ። መምሬ ናቸው ያሉሽ ብለሽ ንገሪያት። ሐኪም ዘንድም ውሰጃት፤ ዛሬ ነገ አትበይ።»

እሺ አባቴ አልሁ። ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ገሳይ የሚሄድ መኪና ይጠብቃቸው ስለ ነበር ቸኩለው ወጡ። ትርንጎ ከጓዳ ብቅ ብላ ምን አሉ አለችኝ።

«ጸልዪልኝ በያት አሉ» አልኋት።

በደሌ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ዙሪያው ነው። ትብላ የሚለውን ቃል ተቀብዬ ጸልዪልኝ አድርጌ ሰጠኋት። ያን ያህል አስቤ፣ መክሬ፣ ዘክሬ ያደረግሁት አልነበረም፤ እንዲሁ ከአፌ ወጣ። ግን በማግስቱም አላረምሁትም። በሳምንቱም አላረምሁትም። ከበላች ሰው ምን ይላል? ለካ ታማ ነው ይባላል። እኔም ተመልሼ አረቄ ሻጯ እሆናለሁ። ይህን እያሰብሁ ልጄ ስትከሳ ቆሜ አየሁ።

ሰኔ ላይ መምሬ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኙኝና ነገርሻት ወይ አሉኝ። ነግሬያት አሻፈረኝ አለች አልሁ። እኔ መጥቼ ላናግራት አሉ። እሳቸውን ስታይ እንደምትሸማቀቅ፣ ይባስ ብላ ከቤት እንደምትወጣብኝ ነግሬ ከለከልኋቸው። ሽማግሌው አመኑኝ። ለእሷ ስለ እሳቸው ዋሸሁ፣ ለእሳቸው ስለ እሷ ዋሸሁ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ላይ እኔ ተጋድሜ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ቅዳሴ፣ ትርንጎ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወደቀች። መንፈስ ነው ያለ አለ። ሰው ተረባርቦ ባጃጅ ውስጥ አስገባልኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የልቧን ምት አዳምጦ እኔን አየኝ። ይህች ልጅ ከመቼ ጀምሮ ነው የማትበላው አለ። ጾም ላይ ናት አልሁ። እዚያም! ልጄ ግሉኮስ እየተተከለላት እዚያም ጾም ላይ ናት አልሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሲስተር ሃያት ትባላለች፤ እዚሁ ገበያው ዳር ያደገች የእስላም ልጅ ናት። እኔ የገንፎ ቅቤ አንጥሬ፣ ዶሮ ሠርቼ በሰሐን ቋጥሬ ስመጣ በር ላይ ያዘችኝ። ብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንዴ ሲሞላ ልብ ሊያቆም ይችላል አለችኝ። በጥቂት ወተት ነው የጀመሩላት፤ ሐኪሙ ደሟን እያየ፣ እሷ መጠኑን እየጨመረች። ያን ቀን ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ምግብን የሚፈሩ አሉ፤ እየከሱ ሳለ ወፍረናል ብለው የሚያምኑ። በልተው የሚያወጡትም አሉ። ተደብቀው ከልክ በላይ በልተው በኋላ ራሳቸውን የሚጠሉም አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድም አለ። ሁሉም በሽታ ነው እንጂ ቅድስናም ሆዳምነትም ቅብጠትም አይደለም አለችኝ። በእኛም ጾም የታመመ ይበላል አለች።

ከሆስፒታል ስንወጣ ያዘዘችን ነገር ለእኛ ቤት ከባድ ነበር። ትርንጎ ለብቻዋ ሰሐን ይኑራት፤ ምን እንደ በላች እንድናውቅ። በቀን አምስት ጊዜ፣ በሰዓቱ፣ ጥቂት ጥቂት። ስትበላ አብሬያት ልቀመጥ፤ ከበላችም በኋላ ለብቻዋ አልተዋት። ወፈርሽ አይባል፣ ከሳሽም አይባል፤ ወሬያችን ሌላ ይሁን። ልጄን ከገበታ ለይቼ በሰሐን ማብላት እንደ እንግዳ ማድረግ መስሎኝ አለቀስሁ። ጎረቤትም አወራ። ግን አደረግሁት። አጥሚቱን፣ እንቁላሉን፣ ምስሩን፣ በእሷ ልክ። የአእምሮ ጤና ባለሙያም ታያት ነበር። ወራት ፈጀ። አንዳንድ ቀን ሰሐኑን ወደ ግድግዳ ወርውራዋለች። አንዳንድ ቀን አንዲት ሙዝ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጅቶባታል።

በአንዱ ቀጠሮ ሲስተር ሃያት ያኔ ምን ቢሆን ኖሮ ይረዳሽ ነበር ብላ ጠየቀቻት። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ትርንጎ መስኮቱን እያየች መለሰች።

«መምሬ ብዪ ቢሉኝ እበላ ነበር። ማቆም ፈልጌ ነበር እኮ፤ በራሴ ግን አቃተኝ፣ ፈራሁ። የእሳቸውን ቃል ስጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን አይተውኝ ጸልዪልኝ ብቻ አሉኝ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ዝም አልሁ። ሲስተር ሃያት በኋላ ለብቻዬ ስትነግረኝ እንዲህ ያለ ሕመም በአንድ ቃል አይድንም አለች። ይህን ሰምቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብታውቁ! እንግዲያው ቃሉን ባደርስም ትታመም ነበር እያልሁ ስንት ጊዜ ራሴን አታለልሁ። ግን ሦስት ወር ቀድማ ሐኪም ዘንድ ትደርስ ነበር። ልቧ ያን ያህል ሳይደክም ትደርስ ነበር። ትምህርቷ አይቋረጥም ነበር፤ ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እሷ ገና የመጨረሻ ክፍሏን ትማራለች። እሺ፣ ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ፣ ልጄ እጇን ዘርግታ የጠበቀችውን ቃል ይዤ ነበር። የያዝሁትን ከለከልኋት።

መምሬንም በደልኋቸው። ትርንጎ ከዚያ ወዲህ አታናግራቸውም። መስቀል ሲያወጡላት ትሳለማለች፤ ዓይናቸውን ግን አታይም። ስሞት እያየ ዝም ያለኝ ሰው እንዴት አባቴ ይሆናል አለችኝ፣ ሌላ የንስሐ አባት ፈልጊልኝ አለችኝ። እሳቸው ደግሞ ያልሰማቻቸው መስሏቸው አንድ ቀን እንኳ ቂም አልያዙም። እንዴት ናት ልጄ እያሉ ነው የሚጠይቁኝ።

ባለፈው እሑድ፣ ሌላ የንስሐ አባት ፈልጊልኝ ስላለችኝ፣ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁሉን ነገርኋቸው። ስግደት ያዙኛል፣ ጾም ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ቢያዙኝም ደስ ባለኝ፣ መቀጣት ይቀላልና።

«ጾምም ስግደትም አልሰጥሽም» አሉኝ። «የላክሁሽን ገና አላደረስሽም። ሂጂና አድርሺ።»

ከቤታቸው ወጥቼ ግማሽ መንገድ ስደርስ ነው ያደረግሁት የገባኝ። በኑዛዜ የነገርኋቸውን እሳቸው ለማንም ሊናገሩ አይችሉም። ልጄ ነገ ፊቷን ብታዞርባቸው እኔስ ትብላ ብዬ ልኬ ነበር ብለው ራሳቸውን ነጻ ማውጣት አይችሉም። ሰውየውን ሦስት ዓመት አስወቅሼ በመጨረሻ አፋቸውንም ዘጋሁት። አሁን ያ ቃል ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ አልነገርኋትም። አሁን ደኅና እየበላች ነው፣ ብነግራት ትጎዳብኛለች፣ ምግቧን ትተዋለች እያልሁ። ይህን ሰበብ ታውቁታላችሁ። ያኔ ለስሜ ብዬ ደበቅሁ፤ አሁን ለጤናዋ ብዬ እደብቃለሁ፤ ያው እኔ ነኝ። ሰበቤን ይዤ ሲስተር ሃያት ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኋት። ትጎዳለች በይኝ ብዬ ነው የሄድሁት፤ እንድትከለክለኝ። እሷ ግን «እኔ ባለሁበት ይንገሯት» አለችኝ። «ብትናደድም አብረናት እንሆናለን።» ቀጠሮው ነገ ጧት ነው።

ዛሬ ትርንጎ እንቁላሏን በልታ ሰሐኗን ራሷ አጥባ ወጣች። ነገ ስነግራት ምን እንደምትል አላውቅም። ሰሐኑን ትወረውርብኝ ይሆናል። ከቤት ትወጣ ይሆናል። መምሬ ዘንድ ሮጣ ትሄድ ይሆናል፤ ይህንንማ እመኛለሁ። እናንተ ግን እናት ናት፣ ፈርታ ነው፣ ልጅቱም ዳነች፣ ተመስገን ነው አትበሉኝ። ይህን ስትሉኝ እቀበላችኋለሁና ነው የምፈራው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ሳትምረኝ እናንተ አትማሩኝ።