መጀመሪያ እሺ በለን

ዶክተር ወልደሰማያት ጅማ ውስጥ ጀርመንኛ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ጀርመን አገር ሆስፒታል ለመቀጠር የሚዘጋጁ ነርሶች ናቸው። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?»፣ «እንቅልፍ ይወስድዎታል?» የሚሉትን ያለማምዳቸዋል። የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው ግን በመካከለኛው ዘመን የጀርመን ግጥም ላይ ነው። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል ሲሉት «ደመወዙ» ይላል።

የተወለደው እዚሁ ነው። አባቱ ከሸዋ ተመድበው የመጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። እሱም ሕግ ለማጥናት አመለከተ፤ ነጥቡ አልደረሰም። ጀርመንኛ ክፍል ቦታ ነበር፤ ገባ። በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን ሄደ። ጥናቱን ጨርሶ ተመለሰ።

በሚያጠናቸው ግጥሞች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ነገር አለ። አንድ እንግዳ ፈረሰኛ ወደ ንጉሡ አዳራሽ ይገባና «የምለምንህ ነገር አለ፤ ከመናገሬ በፊት እሺ በለኝ» ይላል። ንጉሡ እሺ ይላል። ፈረሰኛው ንግሥቲቱን ይዞ ይሄዳል። ወልደሰማያት ንጉሡ ለምን እንደዚህ ሞኝ እንደሚሆን ወፍራም ጥናት ጻፈ። ገጣሚዎቹ ታሪኩን ለማስነሳት ሲሉ ያደረጉት ነው ብሎ ደመደመ። ጥናቱን የገመገሙት ፕሮፌሰሮች ተስማሙ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ፣ የነርሶቹ የመጨረሻ ፈተና በተሰጠ ማግስት፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ቤቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ ጎረቤቱ ኦቦ ጀቤሳ ናቸው። ሁለተኛው እዚሁ ጅማ መርካቶ እህል የሚነግዱት ሐጂ ሀምዳን ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሦስተኛውን አያውቃቸውም። እስኪሄዱም አልተናገሩም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ።

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሀምዳን። «ጉዳይ ይዘን ነው። መጀመሪያ እሺ በለን።»

«ጉዳዩ ምንድን ነው?»

«እሺ ስትለን እንነግርሃለን።»

«ሐጂ፣ ሳልሰማ እንዴት እሺ እላለሁ?»

«አባትህ ቢሆኑ ይሉ ነበር» አሉ ኦቦ ጀቤሳ። «ያውም የፍርድ ቤት ሰው ሆነው።»

ሐጂ ሀምዳን ግድግዳውን ተደግፈው አንድ እግራቸውን ከፍ አደረጉ። «ማሎ፣ እባክህ ልጄ። የሚያመኝ እኔን ነው፤ እስከ መቼ ታቆመኛለህ?»

«እሺ፣ እሺ፣ ቁጭ ይበሉ» አለ ወልደሰማያት።

ቁጭ አሉ። ከዚያ ጉዳዩ ተነገረ። የላኳቸው የሸቤው ቡና ነጋዴ ጀማለዲን ናቸው። ልጃቸው አፊፋ ፈተናውን ወስዳለች።

«እንዳሳልፋት ነው?»

«እንድትጥላት ነው» አሉ ሐጂ ሀምዳን። «እናቷ የለችም። ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። ካልወደቀች ትሄዳለች።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ብታውቅማ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?»

ነጥብ ጨምርልኝ የሚል ሰው በየሴሚስተሩ ይመጣበታል፤ መልሱን ያውቀዋል። ጣልልኝ ብሎ የመጣ ግን አልነበረም። ያን ሁሉ ገጽ ሲጽፍ ፈረሰኛው ቆሞ እንደሚለምን አንድም ቦታ አላነሳም። ንጉሡ ሞኝ አልነበረም። እንግዳ ቆሞበት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ የአፊፋን ወረቀት አረመ። ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። ወድቃ እዚህ ብትቀር እሱም ይጠቀም ነበር፤ ከነርሶቹ መካከል የድሮዎቹን ግጥሞች ተውሳ የምታነብ እሷ ብቻ ናት። ያገኘችውን ውጤት ጻፈላት። ቃል ማፍረስ ካልቀረ ፊት ለፊት ይሁን ብሎ፣ ውጤቱ ከመለጠፉ በፊት በሚኒባስ ሸቤ ወረደ።

ጀማለዲን መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ የተቀደደ ጆንያ ይሰፉ ነበር።

«መምህር! ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም።»

ጀማለዲን ሳቁ። «ወላሂ እኔን እሺ አታስብለኝም። ይችን ብልሃት የላክሁብህ እኔው ነኝ።»

«ልለምንዎ አልመጣሁም። ቃሌን አፍርሻለሁ። አፊፋ አልፋለች።»

ወስፌው ጆንያው ውስጥ ቆመ።

«ስንተኛ ወጣች?»

«አንደኛ።»

«ሁለተኛዋ ማን ናት?»

«የአጋሮ ልጅ ናት።»

«በብዙ በለጠቻት?»

«በብዙ።»

ጀማለዲን ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት።

«ቃል ሰጥተህ ነበር።»

«ሰጥቼ ነበር።»

«ሐጂ ሀምዳንን የሚያህል ሰው በዚያ ጉልበቱ ልኬብህ።»

«አውቃለሁ።»

«እዚያ አገር ስትታመም ማን አላት?»

«ሆስፒታል ውስጥ ነው እኮ የምትሠራው።»

«ታማ ስትተኛ የሚጠይቃት ማን ነው አልኩህ። ቤት ስትከራይ ማን ዋስ ይሆናታል?»

«አላውቅም።»

«ያሳለፍካት አንተ ነህ። ዋሷም አንተ ነህ።»

ወልደሰማያት እሺ ሊል አፉን ከፍቶ መለሰው። «ዋስ ማለት ምን ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ።

ጀማለዲን ዘረዘሩ። የሥራ ውሏን ማንበብ። ቤት የሚያከራያትን ሰው ማጣራት። ስልክ ካላነሳች የሚያነሳ ሰው መፈለግ። እዚያ የሚያውቃቸው ፕሮፌሰሮች በየወሩ ሄደው እንዲያዩዋት ማድረግ። ባል ካመጣች መጀመሪያ ለእሳቸው መናገር። ወልደሰማያት እስኪጨርሱ ጠበቀ። ፕሮፌሰሮቹን ማዘዝ እንደማይችል ነገራቸው። ስለ ባሉ መናገር ያለባት ራሷ አፊፋ ናት አለ። ጀማለዲን ስለ ፕሮፌሰሮቹ ተስማሙ፤ ስለ ባሉ ብዙ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ ተዉት። በቀረው እሺ አለ።

አፊፋ በጥቅምት ሄደች። ሐጂ ሀምዳን መርካቶ ሲያገኙት ሰላምታውን ይመልሳሉ፤ እጃቸውን ግን አይሰጡትም። ጀማለዲን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላሉ። ለልጃቸው አይደለም፤ ለእሱ ነው።

«ዛሬ ስንት ዲግሪ ነው?» ይላሉ።

ወልደሰማያት የከተማዋን አየር ስልኩ ላይ ያያል። «አራት።»

«ከዜሮ በላይ ነው በታች?»

«በታች።»

«ካፖርቱን ገዝታለች?»

«እጠይቃታለሁ» ይላል፤ ይጠይቃታልም።