የአማቴ ድርሻ

ባለቤቴ የሳምንቱን ምግብ የምታውጀው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ነጠላዋን ሳታጥፍ የኩሽናው በር ላይ ትቆምና ትጀምራለች። ሰኞና ማክሰኞ ሽሮ፤ ረቡዕ ምስር፤ ሐሙስ ከሰሞኑ የተራረፈው ይፈረፈራል፤ ዓርብ ጎመን፤ ቅዳሜ ድንች፤ እሁድ እንግዲህ እግዜር እንደሰጠ። ከዚህ ዝንፍ የለም። እኔ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ሥር ተኝቼ ውዬ፣ ሐሙስ ማታ ያንን ፍርፍር ሳየው ደሜ ይፈላል። «መንግሥት እንኳ ዐዋጁን አንዳንዴ ያሻሽላል» እላታለሁ። «እንዳንተ ቢሆን ይሄ ቤት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነበር» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በእኔ ደመወዝ ወልድያ ላይ ቤት ተከራይተን፣ ልጆች አስተምረን፣ እናቷን ጨምረን የኖርነው በእሷ ዐዋጅ ነው።

እናቷ፣ ማለትም አማቴ፣ የሀብሩ ሰው ናቸው፤ ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር እኛ ዘንድ መጡ። በእሳቸው ወግ አማት አማቿ ፊት አትጎርስም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ሲያኝኩ አይቻቸው አላውቅም። ምግባቸውን የሚበሉት ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ከልጆቹ ጋር ነው፤ እኔ ስገባ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ይስባሉ። በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም አንቱ ነው የሚሉኝ። የልጃቸው ባል ነኛ።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ፍልሰታ ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። አማቴ በዚያ ዳሌ እዚያ መኪና ውስጥ ተጠቅጥቀው መሄድ አይችሉም፤ ስለዚህ እኔ ከእሳቸው ጋር ቀረሁ። ባለቤቴ በመስኮቱ ብቅ ብላ «እማዬን አደራ፣ እንዳትርባት» አለችኝ። ለእኔ ለራሴ አንድ ቃል አልጨመረችም። መኪናው ከሄደ በኋላ መንገድ ዳር ቆሜ ለብቻዬ ተናደድኩ።

ከተማዋ ተያዘች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ ጋራዡም ተዘጋ። ቤተሰቤ ደሴ ደርሷል አልደረሰም የሚነግረኝ የለም። ቆይቶ ደግሞ ደሴም ተያዘች ተባለ። እንግዲህ ወዴት እንደሄዱ ማንን ልጠይቅ? ጦርነት ጩኸት ይመስለኝ ነበር፤ እኔን የገደለኝ ግን የቤቱ ዝምታ ነው። የልጆቹ ጫማ በሩ ሥር እንደተደረደረ ነው። አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፤ ከሰላምታ በቀር የምንነጋገረው የለንም።

ዝምታው ሲብስብኝ፣ እሁድ ጠዋት ኩሽናው በር ላይ ቆምኩና እንደ ባለቤቴ ማወጅ ጀመርኩ። «እማማ፣ ሰኞና ማክሰኞ ሽሮ ነው! ረቡዕ ንፍሮ! ሐሙስ የተረፈ ካለ ፍርፍር!» ከመጋረጃው ጀርባ «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኛል። ለቀልድ የጀመርኩት ነገር እውነተኛ ሥራ ሆነ። ሰፈራችን ውስጥ መብራት ጠፍቶበት የቆመ ወፍጮ ነበር፤ አንድ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ጠጋግኜ አስነሳሁለትና ባለቤቱ ዋጋዬን በየሳምንቱ በማሽላ ዱቄት ይከፍለኝ ጀመር። ዱቄቱን ለጎረቤታችን እሰጣታለሁ፤ የራሷን ስትጋግር የእኛንም ትጋግርልናለች። ሙስሊም ናት፤ እንጀራውን ስታቀብለኝ ፊቴን አይታ «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያገናኛችኋል» ትለኛለች። ያቺ «አብሽር» የሳምንቱ ስንቄ ነበረች።

እንጀራውን እስከ እሁድ እንዲያደርሰን በየቀኑ እደለድላለሁ። ሽሮው ከመቅጠኑ የተነሳ የሳህኑን አበባ ያሳያል። የእማማን ድርሻ አስበልጬ፣ በመጋረጃው ሥር አስገብቼ ዘወር እላለሁ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ቢያንስ እሳቸው እየበሉ ነው፣ አደራዬን ተወጣሁ እያልኩ እጽናናለሁ።

ኅዳር ላይ ግን ድምፃቸው መድከም ጀመረ። አንድ ሐሙስ ብጠራቸው አልመለሱልኝም። ወጉን ወዲያ ብዬ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አልጋቸው ሥር ወድቀዋል። ሳነሳቸው እንደ ባዶ ጆንያ ቀለሉኝ። ከአልጋው ሥር የሚታየውን ከረጢት ሳብ ሳደርገው እንጀራ ነው፤ ደርቆ፣ ተቆራርሶ፣ ድርቆሽ የሆነ እንጀራ። ከምሰጣቸው ላይ ጫፍ ጫፉን ቀምሰው ሌላውን እያደረቁ ሲያስቀምጡ ኖረዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳቸው።

«የልጆቹ ድርሻ ነው» አሉ ነጠላቸውን እየፈለጉ። «ሲመጡ ምን ሊበሉ ኖሯል? እኔ በክፉው ዘመን ከልጆቼ ቀድሜ አልጎረስኩ። አሁን በስተርጅና ልጀምር?»

ጮኽኩባቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩ። «ልጆቹ ሲመጡ ሬሳ ይጠብቃቸው? ይብሉ! እስኪውጡ ድረስ ከዚህ አልነሳም!» ድርቆሹን በውሃና በበርበሬ አርሼ ፊታቸው አስቀመጥኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው አንዴ ሳህኑን አንዴ እኔን ያያሉ። እጃቸው አይዘረጋም። ለካ በዚያ ሁሉ ረኀብ ውስጥ አማች ፊት መጉረስ አሁንም ነውር ነው።

«እንግዲያስ ዞር ይበሉ» አሉኝ በመጨረሻ።

ዞርኩ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ የራሴን ሳህን ያዝኩ። ከኋላዬ ሲያኝኩ ሰማሁ። ዕንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንበላው እንዲያ ነበር። ጀርባና ጀርባ ስንሆን ወሬ አይነጥፍብንም። ስለ ሰርጋቸው፣ ስለ መርሳ ገበያ፣ ባለቤቴ ልጅ ሳለች ስለነበራት እልኸኝነት ያጫውቱኛል። «ያንን ዐዋጅዋን ከማን የወረሰችው ይመስልዎታል?» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። ፊታቸውን ሳላይ እንደዚያ የቀረብኩት ሰው የለኝም። በዚያ ሁሉ ወራት ብቻዬን እንዳልሆንኩ የተሰማኝ ያኔ ብቻ ነው።

ናፍጣ ጨርሶ ጠፋና ወፍጮው ቆመ። ዱቄት ቀረ። ጎረቤታችንም የራሷን ልጆች የምታበላው አጣች። የቀረን ከረጢቱ ነው። እማማ መጀመሪያ ለመኑኝ። «ይቺን እንኳ ይተዉልኝ፣ እጄ ባዶ እንዳይሆን» አሉኝ። እምቢ አልኩ። በቀን በቀን መድቤ፣ እያራስኩ፣ እያስጨነቅኩ አበላኋቸው፤ እኔም በላሁ። የከረጢቱ ትራፊ ሲያልቅ ከኋላዬ የሚሰማኝ ማኘክ ሳይሆን ለቅሶ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ተለቀቀች፤ መንገዱም ተከፈተ። ባለቤቴና ልጆቹ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው መጡ። ከስተው፣ ፀሐይ አክስሏቸው፣ ግን ሁሉም በሕይወት። አቅፌያቸው ገና ሳልጠግብ ትንሿ ልጄ አመለጠችኝና እየሮጠች ጓዳ ገባች። «አያቴ፣ ርቦኛል!» አለች፤ ሁለት እጇን እንደዘረጋች።

አማቴ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ሳቡት። የተሸፈኑት ከእኔ አልነበረም። ከልጅቷ ነው።

ባለቤቴ ከመንገድ የተረፋትን ዳቦ አውጥታ ለሁላችንም ቆረሰች። እማማ አልነኩትም። ማታ ልጆቹ ሲተኙ በመጋረጃው በኩል ስሜን ሳይጠሩ «ባዶ እጄን አስቀሩኝ» አሉኝ። ባላበላቸው ኖሮ ሞተው ነበር፣ ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

አንድ እሁድ ባለቤቴና ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ለሁለታችንም ሽሮ አቀረብኩ። የእሳቸውን በመጋረጃው ሥር አስገብቼ፣ የእኔን ይዤ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ስለ መርሳ ገበያ ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ ዞሬያለሁ እኮ» አልኩ።

«ይብሉ ልጄ» አሉኝ በትሕትና።

ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ከኋላዬ አንድም ድምፅ አልመጣም፤ ሽሮዬም እንደያዝኩት ቀዘቀዘ።