ፎቶ የገባበት አበባ

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ከጅዳ ከተመለስኩ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት «ነይ፣ ሂጂ» ስባል ኖሬ ነው መሰለኝ፣ ጠሪ ሳይኖር ብድግ እላለሁ፤ ከተነሳሁ በኋላ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። ሐይቅ ከተማ ላይ የሠርግ ዲኮርና የአበባ ሱቅ ስከፍት ጎረቤቶቼ «እሰይ፣ አሁንስ አረፈች» አሉ። ማረፍ የት አለና! ጽጌረዳው ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ በመኪና ተንገላቶ ደሴ ይገባል፤ እኔ ደሴ ወጥቼ እቀበለዋለሁ፤ እጄ ሲደርስ ግማሽ ነፍሱ ወጥታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ብቻ ነው።

ለሠርግ የሚፈለገው የፕላስቲክ አበባ ነው። ትኩሱን የሚያዝዙኝ ዓረብ አገር ያሉ ሴቶች ናቸው፣ ለእናቶቻቸው ልደት። ልደት ስል ግን አትሳቁብኝ። እናቶቹ የተወለዱበትን ቀን ከየት አምጥተው ያውቁታል? መታወቂያ ሲያወጡ «መቼ ተወለዱ?» ይባላሉ፣ «እኔ ምን አውቄ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ፣ ወረቀቱ ባዶ እንዳይቀር 01/01 ተብሎ ይጻፍላቸዋል። በመታወቂያ ከሄድን እኔ የማውቃት እናት ሁሉ የተወለደችው በእንቁጣጣሽ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ከኩዌት አንዲት ልጅ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አገሯ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለ መንደር ነው። «ውዴ፣ የእናቴ ልደት ጃንዋሪ አንድ ነው፣ አበባ አድርሽልኝ» አለችኝ።

«ጃንዋሪን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«መታወቂያዋ ላይ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ አንድ ይላል።»

«ኧረ አንቺ ሴት! እሱ እኮ መስከረም አንድ ነው! መስከረሙም ቢሆን በግምት የተጻፈ ነው።»

ሳቅ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ለቅሶ ሆነ። «አውቃለሁ» አለች። «ግን ኒካዬ የዚያ ሳምንት አርብ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ልደት ነው በይልኝ።»

ከዚያ ነገሩን ዘረገፈችልኝ። ከአራት ዓመት በፊት «ደሴ ልብስ ልገዛ ነው» ብላ ከቤት ወጣች፤ የሄደችው በጅቡቲ አድርጋ በባሕር ነው። እናትየው የት እንደገባች የሰሙት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ያውም ከሰው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አነጋግረዋት አያውቁም። ጎረቤት ደውሎ ሲያቀብላቸው፣ የእሷ መሆኑን ሲያውቁ ስልኩን ይመልሳሉ። «ልጅ የለኝም» ይላሉ። አባትየው ሞተዋል። አሁን አንድ ደህና ሰው አግኝታ ልታገባ ነው፤ ግን «እናቴ አፉ ካላለችኝ ኒካ አላስርም፣ ለሰውየውም ነግሬዋለሁ» ብላለች። አፉ እኛ ዘንድ እንዲሁ «ይቅርታ» ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። «አፉ በይኝ» ብለሽ፣ እናትሽ በአፏ «አፉ ብያለሁ» ካለችሽ ያንቺ ሸክም እዚያው ወረደ። ካላለችሽ ተሸክመሽው ትሞቻለሽ።

«አበባውን ስትቀበልሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ» አለችኝ። «ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ተቀበይልኝ።»

«አብሽሪ» አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ! እኔ አብሽሪ ካልኩ በኋላ እንቅልፍ የለኝም።

ፎቶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ነጭ ሂጃብ አድርጋ ፈገግ ያለችበት ፎቶ ልካልኝ ነበር፣ እናቴ ፊቴን ትየው ብላ። እኔ ደግሞ ጅዳ ሳለሁ በአበባ መሀል ፎቶ የሚያስገቡ ሱቆች አይቻለሁ። አሪፍ ነው! ጽጌረዳውን ዙሪያውን፣ ልጅቷን መሀል አድርጌ፣ ከላይ ነጭ ሪቫን። ፎቶ ቤት ሄጄ በትልቁ እንዲታተምልኝ፣ በወርቃማ ፍሬም እንዲገባልኝ ጠየቅሁ። ሰውየው ፎቶውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ዕድሜዋ ስንት ነበር?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሃያ ስድስት። ፍጠንልኝ ባክህ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው» አልኩት። ያቺን «ነበር» አልሰማኋትም። ሰው በጥድፊያ ስንቱን ነገር ሳይሰማ ያልፋል።

ሐሙስ ዕለት ፀሐይ ሳትበረታ፣ አበባው ሳይጠወልግ ብዬ በጠዋት ተነሳሁ። ብርድ ስለነበር ጥቁር አባያዬን ደረብኩ። ጎረቤቴ ባለባጃጅ ነው፤ እሱን ይዤ ወጣሁ። አበባውን ከፊት ለፊቴ አቅፌ ፎቶው ወደ ውጭ እንዲታይ አዞርኩት፤ የለፋሁበትን ሰው ይየው እንጂ! መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ቅጠል ይረግፋል፣ ልቤም አብሮ ይረግፋል። ስልኬ አያርፍም። «ደረሽ?» ትላለች ልጅቷ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ደረሽ ወይ?»

«ይቺ ልጅ ልታሳብደኝ ነው» አልኩት ባለባጃጁን።

«ሁለት እብድ ተገናኝታችሁ!» አለኝ።

ጊዜው የውቂያ ነው፤ አውድማው ሁሉ ሰው አለበት። እኛ ስናልፍ ገበሬዎቹ ሥራቸውን አቁመው ቀጥ ይላሉ። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉት። «አየህ፣ አበባ እንዴት ሰውን እንደሚያስከብር!» አልኩት። እሱ በመስታወት አየኝና ፍጥነቱን ቀነሰ። የሆነ ነገር ቅር ብሎት ነበር፤ በኋላ ነው የነገረኝ።

ባጃጁ ከማይሄድበት ላይ ወርደን በእግር ቀጠልን። አርዲቦ ከታች ተዘርግቷል፤ እኔ ግን ሐይቅ የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ውሃ የቀዳች ጎረቤት፣ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ፣ ከፊታችን ወጣች። «ልጃቸው ኩዌት ያለችዋ እናት ቤት የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። ፎቶውን አየችው። እኔን፣ ጥቁር ልብሴን፣ ከኋላዬ ያለውን ሰውዬ አየች። ጀሪካኑን ለቀቀችው።

«ዋይ! ዋይ! ልጅቷን! ልጅቷን!»

ያ አላህ! ያ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከየቤቱ ሴቱ ወጣ፣ ከአውድማው ወንዱ ሮጠ። እኔ መሀላቸው አበባ ታቅፌ ተገትሬያለሁ። ከጓሮ አንዲት ቀጭን እናት ገለባ በሻሻቸው ላይ እንደተበተነ መጡ። አልጮሁም። ቀጥ ብለው እኔ ጋ ደርሰው ፎቶውን አዩትና «መቼ?» አሉኝ።

እኔ ደንቆሮዋ ልደቱን የጠየቁኝ መሰለኝ። «ዛሬ ነው» አልኳቸው።

መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። በጠዋት፣ በጥቁር ልብስ፣ ሁለት ሆኖ ደጅ ላይ መቆም መርዶ ነው። ከዓረብ አገር ሬሳ ሲመጣ ፎቶው በአበባ ተከቦ ከፊት ይያዛል፤ እዚህ መንደር ሰው አበባና ፎቶ አንድ ላይ አይቶ የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው። ይህን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። የእኔ እናት የሞተችው ጅዳ ሳለሁ ነው። ሰባት ወር ደበቁኝ። በደወልኩ ቁጥር «ገበያ ወጥታለች፣ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ የአገሬ ልጆች በጠዋት፣ ጥቁር ለብሰው በር ላይ ቆሙ፤ አንዳቸውም አፍ ሳይከፍቱ አወቅሁት። ያንን በር ላይ ያየሁትን ነገር እኔው ራሴ አስጊጬ፣ ሪቫን አስሬ፣ ለሰው እናት ይዤ ሄድኩ። ከዚህ የባሰ ምን አለ? አፈር አልበላኝም እንጂ የቀረኝ አልነበረም።

«አለች! በሕይወት አለች! ልታገባ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ! ባለባጃጁም «ኧረ በአላህ ስሙን!» እያለ እጁን ያወናጭፋል፤ ሰውየው በሐዘን ያበደ መስሏቸው ሁለት ጎልማሶች ያዙት። እናትየው መሬቱን በሁለት እጃቸው እየመቱ ነበር።

«አፉ ሳልላት! አፉ ሳልላት! ብያት ነበር እኮ፣ በልቤ ብያት ነበር! የምትወልድ ዕለት እነግራታለሁ ብዬ ነበር! ስትደውል ድምፅዋን ሰምቼ ነው ስልኩን የምመልሰው፣ ሳልሰማ መልሼ አላውቅም! አሁን ለማን ልንገር? ያ ረቢ፣ ለማን ልንገር?»

አበባውን ወርውሬ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርኩ አንድ መስመር ያሳያል፣ ይጠፋል። አጥሩ ላይ ወጣሁ፤ አባያዬ እሾህ ላይ ተቀደደ፤ ይቀደድ! ሁለተኛ ስደውል ገባ። ልጅቷ ገና ሳይጠራ አነሳችው። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩና ከአጥሩ ዘልዬ ወረድኩ። ግን አንድ ቃል ሳልናገር ለቅሶው ገባላት።

«ምንድን ነው እሱ? ማነው የሚያለቅሰው?» አለች። ከዚያ ጮኸች። «እማዬ ሞተች! እማዬ ሞታብኝ ነው! ደበቃችሁኝ! ከመቼ ጀምሮ ነው የደበቃችሁኝ? እማዬ! እማዬን!»

ስልኩ ውስጥ ያለው ጩኸትና ግቢው ውስጥ ያለው ጩኸት ተቀላቀለ። አንዷ ኩዌት ሆና እናቷን ታለቅሳለች፣ እናትየው አርዲቦ ዳር መሬት ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ያለቅሳሉ። እኔ መሀል ቆሜ ለማንኛቸው ልንገር? ስልኩን እናትየው ጆሮ ላይ ለጠፍኩት።

እጃቸውን አንስተው ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኙት። ስልኩን ከእጄ ወስደው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አለሽ?» አሉ።

በዚያኛው ወገን ጩኸቱ ተቆረጠ። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። «እማ? አለሽ?»

«እኔማ አለሁ። አንቺ ነሽ ወይ ያለሽው?»

«አለሁ እማ። አለሁ።»

«አለሽ?»

«አለሁ!»

ስንት ጊዜ እንደተባባሉት አላውቅም። ጀሪካን የጣለችው ጎረቤት አጥሩን ተደግፋ መሳቅ ጀመረች፤ ስቃ ሳትጨርስ ደግሞ አለቀሰች። ባለባጃጁን የያዙት ሰዎች ለቀቁት። እኔም ካለሁበት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ስቀመጥ ያኔ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ የእናትየው ቁጣ መጣ። «ታዲያ በሕይወት ያለ ሰው ምን ሆኖ ነው በአበባ ተቀብሮ የሚላክ? አንቺ ቀልበ ቢስ! ልትገድይኝ ነው?»

«ልደትሽ ነው ብዬ ነው እማ።»

«የምን ልደት! የማን ልደት! እኔ መቼ ተወልጄ አውቃለሁ!» ፎቶውን ከመሬት አነሱና በሻሻቸው ጠርገው ትክ ብለው አዩት። «ደግሞስ ምነው እንዲህ ከሳሽ? አይሰጡሽም ምግብ?»

ልጅቷ እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰች ነው፤ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ሁለቱንም አቆመች። «እማ» አለች። «ነገ ኒካዬ ነው። አፉ በይኝ።»

እናትየው ፎቶውን በእጃቸው አገላበጡት። እንደዚህ ሆኖም እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ብዬሻለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«መቼ?»

«ቅድም። ሞተሽ ሳለ።»

«አልሰማሁም እኮ እማ። እኔም ልስማው።»

ሰዉን አንድ በአንድ አዩት፤ እኔን፣ ባለባጃጁን፣ ጎረቤቶቹን፣ ከአውድማ የሮጡትን ሁሉ። አንገታቸውን ሰበሩ።

«እስቲ ፊታችሁን አዙሩልኝ» አሉን።

አዞርን።