ያላዩትን አይጽፉም

ፖሊሶቹ የመጡት የክፍሉን ደንብ ለተማሪዎቼ እየደገምኩላቸው ሳለ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ክፍል የምለው ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለውን የአባቴን ቤት ነው፤ ልጆቹ ቀይ በተቀባው መደብ ላይ ከፍና ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ጫማ በር ላይ ይቀራል። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ፖሊስ ከነጫማቸው ሰተት ብለው ሲገቡ አፌ አልታገሠም። «ጫማ!» አልኩ። ወጣቱ ፖሊስ፣ አላህ ይስጠው፣ ጎንበስ ብሎ ክሩን መፍታት ጀምሮ ነበር። «ምን ትሠራለህ አንተ!» ብሎ አለቃው ጮኸበት። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ አለቃው ግን መጀመሪያ የእኔን ስም፣ ቀጥሎ ከኋላ የተቀመጠችውን፣ ከገጠር ከድሬ ጠያራ የመጣችውን ልጅ ስም ጠራ።

ደንቤ ብዙ አይደለም። ከሰዓቱ በፊት መምጣት። ስልክን በሩ አጠገብ ባለው ሙዳይ ውስጥ ማስቀመጥ። ጓደኛ ሲያነብ አለማቋረጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያላዩትን አለመጻፍ። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ድርሰት ሸምድደው ይመጣሉ፤ ከፎቶ ኮፒ ቤት ገዝተውት፣ ሁሉም «ትምህርት ለሀገር እድገት ወሳኝ ነው» ብሎ የሚጀምር። እንዲህ ያለውን ፊታቸው ላይ እቀደዋለሁ። ክፉ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ።

የድሬ ጠያራዋን ልጅ ወረቀት ደጋግሜ ቀድጃለሁ። ለትምህርት ብላ ሐኪም ጋራ ሥር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነበረች። በመጨረሻ አንድ ቀን የራሷን ይዛ መጣች። ውኃ ጠፍቶ በከረመበት ሰሞን ከጀሪካን ሰልፍ ላይ ቆማ ያየችውን ጽፋለች፤ የውኃ ቦቴ በሰልፉ አጠገብ አልፎ ወደ አንድ ትልቅ ግቢ ሲገባ፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ሣር በጎማ ውኃ ሲጠጣ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። ከተማሪዎቹ አንዱ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ እናቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው የውኃ ቢሮው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። «አነሣሥታችኋል» የተባልነው በዚህ ነው።

የሴቶቹ ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ሁለታችንንም እዚያው ከተቱን። መጀመሪያ የተቀበለኝ ወበቁ ነው፣ ቀጥሎ የበረኪና ሽታ። ሴቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ከጎረቤት ተጣልተው የገቡ አንዲት ባልቴት የጫት ነጋዴ አሉ፤ ሁሉም እንደ እናት አዴ ነው የሚላቸው። «ግቡ አቦ! እንግዳ በር ላይ አይቆምም» አሉን፣ ቤታቸው ይመስል። ልጅቱን አጠገባቸው አስቀመጧት።

ፈተናው ደርሷል። ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ስለሚፈተኑ ከቤታቸው ብርድ ልብስ ይዘው ነው የሚሄዱት። አባቷ ለዚያ ብለው የገዙትን አዲስ ብርድ ልብስ ይዘው ከድሬ ጠያራ መጡ። እሳቸውን አላስገቧቸውም፤ ብርድ ልብሱን አስገቡላት። ገና ከላስቲኩ አልወጣም ነበር። ልጅቱ ሳትከፍተው አቅፋው ተቀመጠች።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራት። ስትመለስ አንድ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛለች።

«ድርሰቱን ቲቸር ናት ያጻፈችኝ ብለሽ ጻፊ፣ ነገ ጠዋት ከጓደኞችሽ ጋር አውቶቡስ ትሳፈሪያለሽ አሉኝ።»

«እና ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት። «ጻፊያ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ አላጻፉኝም እኮ።»

«አላጻፍኩሽም። አሁን ግን እኔ ራሴ እያልኩሽ ነው። እኔን የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ፣ ትልቅ ሰው ነኝ። አባትሽን አስቢ!»

«ያላየሁትን እንዴት እጽፋለሁ፣ ቲቸር?»

«ኧረ በአላህ! ይሄ ክፍል አይደለም!» ጮኽኩባት። በክፍሌ እንኳ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

አዴም ገቡበት። «አንቺ ልጅ፣ ስሚኝማ። ወረቀት ነው እንጂ ቁርዓን አይደለም። ጻፊና ውጪ። እሷ እንደሆነች ምላሷ ያወጣታል።»

ልጅቱ ፈገግ አለች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ፣ ወረቀቱን በላዩ አድርጋ ጻፈች። ያልኳትን የምትጽፍ መስሎኝ ዱዓ አደርግ ነበር፤ አላህ ይፍታት፣ ትሂድልኝ እያልኩ። ስትጨርስ እንደ ልማዷ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። «ያርሙልኝ» አለች።

እንዲህ ይላል፦ «ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቦቴውን ያየሁት እኔ ነኝ። መምህሬ በዚያ ቀን እዚያ አልነበሩም። እሳቸው ያደረጉት ነገር ቢኖር ያላየሁትን ስጽፍ ወረቀቴን መቅደድ ነው።»

ልቀደው ነበር። ብቀደው ሌላ ወረቀት እስኪሰጧት ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ደግሜ አነበብኩት። አቃተኝ። ስንት ጊዜ ስለምናት፣ ስቆጣት የኖርኩት እንዲህ እንድትጽፍልኝ አልነበር? «ጥሩ ነው» አልኳት። ይህን ቃል ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንባዬም አብሮ ወጣ። ሴቷ ፖሊስ መጥታ ወረቀቱን ወሰደችው። መርማሪው ሁለተኛ አላስጠራትም።

በነጋታው የአውቶቡሶቹ ጥሩምባ እስከ እኛ ድረስ ተሰማ። ወላጆች ልጆቻቸውን ሲሸኙ እልልታው ይመጣል፣ ይርቃል። ልጅቱ ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን አስተካክላ አሰረች። የፈተናው ቀን ሲደርስም እንዲሁ ታጥባ ግድግዳውን ተደግፋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።  አንዷ እስረኛ ልታንጎራጉር ስትጀምር አዴ እጃቸውን አነሡባት። «ዝም በይ! ልጅቷ ፈተና ላይ ናት።» እኩለ ቀን እስኪሆን ያቺ የቆርቆሮ ቤት ትንፍሽ አላለችም። አዴ ፊታቸውን ወደ ጥግ አዙረው በሻርፓቸው ያብሱ ነበር።

የለቀቁን ተፈታኞቹ ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። «ማስረጃ አልተገኘም» አሉን። ይቅርታ ያለን የለም፤ እኛም አልጠበቅንም። በቀጣዩ ዓመት በግል ትፈተናለች ብዬ ስዘጋጅ አባቷ ታመሙ፣ ከብቱም እርሻውም በእሷ ላይ ወደቀ። ከዚያ ታጨች። ሠርጓ ላይ ሄጄ በላሁ፣ መረቅኩ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እኔ አሁንም አስተምራለሁ። ደንቡንም እናገራለሁ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ አፍንጫዬን በመሐረብ እጠርጋለሁ፤ ልጆቹ ጉንፋን ይመስላቸዋል።

ልጅቱ ሸዋ በር ገበያ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። ከሌላ ሰው አልገዛም። ባለፈው ሰሞን ስትመዝንልኝ ጠጋ አልኳት።

«እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት። «ዕድልሽን ያበላሸው የእኔ ደንብ ነው። ተቀይመሽኛል?»

አንድ ድንች ጨመረችልኝ። «አንድ ቀን ብቻ፣ ቲቸር።»

«መቼ?»

«እርስዎም ጻፊ ባሉኝ ቀን» አለችና ፌስታሉን አቀብላኝ፣ ወደምትጠብቃት ገዢ ዞረች።