የሽውታ ካፖርት ልክ

እትዬ ቀለም በአንድ ተራ ቀን የሚያልቅባቸውን ልቁጠር። ሁለት የብዕር ጫፍ፣ ሦስት ጣት የሚሆን ጥቁር ቀለም፣ ግማሽ ላጲስ፣ አንድ ፍላስክ ሻይ፣ ሲመጡ ሁለት አውቶቡስ ሲመለሱ ሁለት፣ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ሃያ ስድስት ደረጃ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ቀኝ ዓይናቸው አልታዘዝም ብሎ የሚያርፍባት አንድ ሰዓት። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አንድ ገጽ ሥዕል ነው። ከቀናቸው አንድ ተኩል።

ይህን መጽሔት የሚገዛ ሰው እጃቸውን ያውቃል፣ ፊታቸውን ግን አያውቅም። የሽውታን ታሪክ በየወሩ የሚሥሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ምድር ቤት ጥረዛ ክፍል ነኝ፤ የታተመውን አጥፌ፣ ሽቦ መትቼ፣ ጠርዙን አስከርክሜ አወጣለሁ። አዘጋጁ “ለዚህ ገጽ ከሠራተኞች ስለ አንዱ ጻፊ” ሲለኝ ስለ ማን እንደምጽፍም ጠየቀኝ።

“ስለ እትዬ ቀለም” አልኩት።

“የካፖርቱን ነገር ልታነሺ ነው?” አለ።

“እሱን ካላነሣሁ ምን እጽፋለሁ?”

“እንግዲያው እኔን ብዙ አታጥቁሪኝ” ብሎ ሄደ። አላጠቁረውም፤ የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው።

መጽሔቱን አሁን ለጀመረ ሰው፣ ሽውታ የአንድ ሰው ስም አይደለም፤ የሥራ ስም ነው ማለት ይቀላል። የመጀመሪያው ሽውታ ፖስተኛ ነበር። ግራጫ ረጅም ካፖርት ለብሶ ከነፋስ ቀድሞ ይሮጣል፤ ደብዳቤ ሊያደርስ ወጥቶ ሰው አድኖ ይመለሳል። እሱን የፈጠሩት ጋሼ ሰዓሊ ናቸው። እትዬ ቀለም ያኔ የጋሼን የእርሳስ መስመር በቀለም እየተከተሉ ያደምቁ፣ ከሰዎቹ አፍ በሚወጡት ፊኛዎች ውስጥም ንግግሩን በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከዚያ ነው። የቤት ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዕሩን ለእሳቸው ለቀቁላቸው። በዚያው ወር፣ በመጽሔቱ ቁጥር አርባ ማለት ነው፣ ፖስተኛውን ከድልድይ ላይ ጎርፍ ወሰደው፤ ካፖርቱ ብቻ ዳር ላይ ተገኘ። የወንድሙ ልጅ አነሣችው፣ ለበሰችው፣ ሮጠች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሽውታ እሷ ናት። በየወሩ በሁለተኛው ገጽ ራስጌ ላይ “ካፖርቱን የለበሰ ሽውታ ነው” የሚል መስመር አለ። ያን የጻፈው አዘጋጁ ራሱ ነው።

ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። ግማሹ “ጥሩ አድርጋችኋል” ይላል። ግማሹ ደግሞ “የሰውየውን ስም ከምትሰጧት ለሷም የራሷን ብታወጡላት ምን ነበር” ይላል። አንድ ሰውዬ ሰባት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ ያንኑ ደብዳቤ ልኳል፤ “ልጅቷን አልጠላሁም፤ ስሙን ግን ትመልስ” የሚል። ለእትዬ ቀለም ሳነብላቸው “ጽሕፈቱ ያምራል” ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም።

እሳቸው ጋ አንድ ደብተር አለ፤ የልክ ደብተር እንለዋለን። በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቁመቱ፣ ዕድሜው፣ ጠባሳው በየትኛው ጉንጭ እንደሆነ፣ የልብሱ ቁልፍ ስንት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ሰዎቹ እንደኛው በየዓመቱ አንድ ዓመት ይጨምራሉ። ደብተሩ ላይ የሌለ ነገር አይሣልም፤ ደብተሩ ላይ ያለውን ነገር ደግሞ ማንም ተነሥቶ አይለውጥም። አንድ ጊዜ አዘጋጁ የአንዲት ገረድ የጆሮ ጌጥ እንዲቀየር ጠይቆ “ገበያ ስትወጣ እሣላታለሁ፣ ያኔ ትገዛለች” ተብሎ ተመልሷል።

ልጅቷ ካፖርቱን በለበሰች በሦስተኛው ወር እትዬ ቀለም አንድ ነገር ከነከናቸው። ልብሱ የረጅም ሰው ነው፤ እሷ አጭር ናት፤ ሳትረግጠው እንዴት ነው የምትሮጠው? የሟች ባለቤታቸውን ካፖርት በፌስታል ይዘው መጡ። በምሳ ሰዓት ለበሱትና ከሁለተኛው ፎቅ ደረጃውን በሩጫ ጀመሩት። ያኔ ሃምሳ ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ጫፉን ረገጡት፤ የቀረውን በእግራቸው አልወረዱትም።

ሮጠን ስንደርስ መጀመሪያ የተናገሩት “አንድ ስንዝር ከአራት ጣት” ነው። ጭንቅላታቸውን መታቸው ብለን ደነገጥን። ለካ ልኩን ነው።

ቁርጭምጭሚታቸው ሁለት ሳምንት አብጦ ከረመ። እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው የቁጥር አርባ ሦስትን አራተኛ ገጽ ሣሉ፤ አንድም ፊኛ የለበትም። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ካፖርቱን ትቆርጣለች፣ እጅጌውን ትቆርጣለች፣ ከዚያ ጫፉን ትዘመዝማለች። ስድስት ሥዕል፣ ሁሉም ስፌት።

አዘጋጁ አልወደደውም። “እትዬ፣ ልዕለ ጀግና ቁጭ ብላ ትዘመዝማለች እንዴ?”

“ስትወድቅ ልሣላት?”

ሌላ ገጽ ለመሣል ጊዜ ስላልነበረ እንዳለ ታተመ። ደብተሩ ላይም ገባ፤ ካፖርት፣ ከታች ስንዝር ከአራት ጣት ተቆርጧል፣ እጅጌ አምስት ጣት ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ ማንም አላስታወሰው።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። የሽፋን ናሙና ይዤ ወደ ላይ ወጥቼ ነበር። አዘጋጁ ከእትዬ ቀለም ጠረጴዛ ጎን ቆሟል።

“እትዬ፣ ፖስተኛው ሊመለስ ነው” አላቸው።

“ከየት?”

“ከጎርፉ። ዓሣ አጥማጅ አድኖት፣ ማን እንደሆነ ረስቶ ሲኖር ኖሮ…”

“ሰባት ዓመት?”

“ሰው ይረሳል እኮ።”

“እኔ ያዋስኩህን ጃንጥላ እንኳ አልረሳሁም። ልጅቷስ?”

“አትጠፋም፣ ትኖራለች። ካፖርቱን ትመልስለትና የሽውታ ወንድም ልጅ ትባላለች።”

“ስም የላትም ማለት ነው።”

“የሽውታ ወንድም ልጅ ስም አይደለም?”

“እስቲ ከነገ ጀምሮ አንተን የዘበኛው አለቃ እያልን እንጥራህ” አሉት።

አዘጋጁ ሳቀ፣ ግን ከሐሳቡ አልተመለሰም። አከፋፋዩ ጨቅጭቆታል። “የድሮው ሽውታ ይሻላል” የሚሉ ሻጮች በዝተዋል፤ መጽሔቱ ከታጠፈ የሁላችንም እንጀራ ይታጠፋል። ይህን ያለው በክፋት አይደለም። እኔም የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ገባኝ።

እትዬ ቀለም አልተከራከሩም፤ የታዘዙትን የሚሠሩ ሰው ናቸው። ማታ ልንወጣ ስንል ግን የእጅ መታጠቢያው ጋ ብዕራቸውን እያጠቡ “ሰባት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አየኋት” አሉኝ። “እሳት ውስጥ ልኬያታለሁ፣ ጉልበቷን ሰብሬያታለሁ፣ አንድ ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም። አሁን ስሟን ገፍፌ በአጎቷ ስም ልጠራት ነው። የምገፍፋት ደግሞ በራሴ እጅ ነው።” ከዚያ ብዕሩን በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሄዱ።

ገጹን በሦስተኛው ቀን ጨረሱት። በትእዛዙ መሠረት ልጅቷ ካፖርቱን አውልቃ አጎቷ ትከሻ ላይ ታደርጋለች፤ እሱም ለብሶ በኩራት ይቆማል። እትዬ ቀለም እንደ ሁልጊዜው ደብተሩን ገለጡ። የሰውየውን ቁመት አዩ፣ የካፖርቱን ርዝመት አዩ፣ እንደዚያው አድርገው ሣሉ። ያሰቡት ተንኮል አልነበረም። ቢጠየቁም “ሌላ እንዴት ይሣላል?” ነው የሚሉት።

ገጹ ለናሙና እኛ ጋ ወረደ። መጀመሪያ ያየው የወረቀት ቆራጩ ነው። ማሽኑን አቆመ።

“ኧረ ኑ እዩ፣ ሰውዬው የታናሽ እህቱን ልብስ ለብሶ መጥቷል።”

እውነትም ካፖርቱ ከጉልበቱ በላይ ቀርቷል። እጅጌው ከእጁ አንጓ በላይ ነው። ዕድሜ አወፍሮታልና አንድ ቁልፍ ብቻ ተቆልፎ እሱም እየተጨነቀ ነው። ሰውየው ግን ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን አንሥቶ ቆሟል። ሥዕሉ ጥንቅቅ ያለ ስለሆነ ይብሱን አሳቀን። ሳቁን ሰምቶ አዘጋጁ ወረደ። ገጹን አየ፤ ቆራጩን አየ፤ ወደ ላይ ወጣ። ናሙናውን የማደርስ መስዬ ተከተልኩት።

“እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ያዘዝከው።”

“አጥሮታል እኮ።”

“ተቆርጧል። አንተው ነህ ያሳተምከው።”

“ይተርተርና ይርዘም።”

“ቢታጠፍ ነበር የሚተረተር። በምን ጨርቅ ላርዝመው?”

“ሌላ ካፖርት ይልበሳ።”

እትዬ ቀለም ቀና ብለው አዩት። “ሁለተኛ ገጽ ላይ ምን ብለህ ነው በየወሩ የምትጽፈው?”

አዘጋጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ለጋሼ ሰዓሊ ደወለ። እሳቸው ከፖስተኛው ጋር ይወግናሉ ብሎ ነው፤ የፈጠሩት ልጃቸው አይደል። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

“ጋሼ፣ ካፖርቱ እምቢ አለ። ፖስተኛው ቢለብሰው አጠረው፤ ተቆርጧል።”

“ማን ቆረጠው?”

“ልጅቷ ናት። በቁጥር አርባ ሦስት።”

“አስታወስኩት። ጥሩ ዘምዝማለች።” ትንሽ ሳል ያዛቸው። “እሱ አሁን ስንት ዓመቱ ሆነ?”

እትዬ ቀለም ደብተሩን ሳያዩ “ሃምሳ ዘጠኝ” አሉ።

“ታዲያ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ምን ያስሮጠዋል? እኔ የምሮጠው ሽንት ቤት ለመድረስ ብቻ ነው። ተመልሶ ከመጣ እሰየው፤ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ይለይ።”

“አንባቢው እኮ የሚገዛው ሽውታ ተመለሰ ሲባል ነው፣ ጋሼ።”

“የት ሄዳ ነው የምትመለሰው?” አሉ ጋሼ።

አዘጋጁ ስልኩን ዘግቶ ቀን ቆጠረ። ማተሚያ ቤቱ ገጹን የሚፈልገው ከነገ ወዲያ ነው። በመጨረሻ “እሺ፣ ይለካው። ካልሆነው አውልቆ ይመልስላት” አለ።

እትዬ ቀለም ሁለት ሥዕል ብቻ ጨመሩ። በአንደኛው ሰውየው የወጣውን የእጁን አንጓ ያያል። በሁለተኛው ካፖርቱን እሷ ትከሻ ላይ ያደርጋል። ፊኛው ውስጥ “ላንቺ ነው ልኩ” ተብሏል። ከላይ አዘጋጁ ያሰናዳው ረጅም ንግግር ነበረ፤ ቦታ አልበቃውም ተብሎ ተተወ። ቦታውን ማን እንዳጠበበው አልጠየቅንም።

መጽሔቱ ወጣ። አንዳንድ ሻጭ እስሩን ሳይፈታ መለሰ፤ አንዳንዱ ተጨማሪ ጠየቀ። መጽሔቱ አልታጠፈም፤ አልበለጸገምም። ያ ጽሕፈቱ የሚያምረው ሰውዬ መጻፍ አቆመ። ወይ ረክቷል ወይ መግዛት ትቷል፤ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ስሙ ግን ልጅቷ ጋ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ቀለምን አንድ ሐሳብ ይዟቸዋል። ይህን ጽሑፍ እንደምጽፍ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው “እንግዲያው እኔም የምለው አለኝ፤ እንደነገርኩሽ ጻፊው” አሉኝ። እንደነገሩኝ እጽፋለሁ።

“ይህች ልጅ እንደ አጎቷ ድንገት ብትጠፋ ስሙ ማን ጋ እንደሚወድቅ አላውቅም። ሰባት ዓመት የተጉረመረማችሁብኝ ስሙ በአንድ ወር ስለተላለፈ ይመስለኛል። እስክታውቋት ዋለ አደረ፣ ካፖርቱ ግን አስቀድሞ ትከሻዋ ላይ ነበር። ስለዚህ ከአሁኑ አንዲት አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ላስገባ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት የደብዳቤ ቦርሳ ተሸክማ ከኋላ ከኋላ ትሮጣለች። ታውቋታላችሁ፣ ትለምዷታላችሁ። ከዚያ ካፖርቱን ጎርፍም ሳይወስደው፣ አዘጋጅም ሳይወስደው፣ ሽውታ ራሷ በእጇ ትሰጣታለች። እኔ ካልደረስኩ ደብተሩን የሚረከበው ሰው ያደርሰዋል።

“ችግሩ፣ ትንሿ ልጅ አትሮጥልኝም። ሃያ ጊዜ ሣልኳት፤ ሃያ ጊዜም ትልቅ ሰው ሆና ነው የምትሮጠው። የኛ ቤት ልጆች አድገዋል። ይህን የምትጽፍላችሁ ሴት የሁለት ዓመት ልጇን አምጥታ አሳየችኝ፤ ሕፃኗ ደግሞ ትወድቃለች እንጂ አትሮጥም። ስለዚህ እናንተን ልለምን።

“ቤታችሁ ወይ ጎረቤታችሁ አሥር ዓመት ግድም የሆናት ልጅ ካለች፣ ስትሮጥ ከኋላዋ እዩልኝ። እያየሁሽ ነው እንዳትሏት፤ ከነገራችኋት ለእናንተ ብላ ነው የምትሮጠው። ክርኗ ወዴት እንደሚሄድ፣ ጭንቅላቷን ወደ ፊት ትጥል እንደሆነ፣ ቦርሳ ከያዘች በየትኛው ትከሻ እንደሆነና በየስንት እርምጃው እንደምታስተካክለው ጻፉልኝ። ፎቶ አትላኩ፤ ፎቶ ላይ ሁሉም ሰው ቆሞ ነው። ጽሕፈት ባያምር ግድ የለም። በመጽሔቱ አድራሻ ላኩትና ፖስታው ላይ ‘ለሰዓሊዋ’ በሉት፤ ይደርሰኛል።”